ብስክሌት ከአባት ወደ ልጅ

እንግሊዛዊው ጆን ኬምፕ ስታርሊ በመጠን የተቀራረቡ ሁለት ጎማዎች ያሉትንና በሰንሰለት የሚዞረውን ብስክሌት ኮቨንትሪ ከተማ ውስጥ ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ ቤልፋስት ይኖር የነበረው የእንስሳት ሐኪም ጆን ቦይድ ደንሎፕ በአየር የሚነፋ ጎማ ሠርቶ በስሙ አስመዘገበ። ዛሬ በጎጃም፣ በአማኑኤል ከተማ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ላይ የሚታየው ብስክሌት በአሠራሩ ከዚያ ዘመን ዕቃ ብዙም አልራቀም።

ደንሎፕ ጎማውን በሚነፋበት ሰሞን ጎጃም የመከራ ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር። በጥር 1880 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሳር ውኃ ላይ በድርቡሽ ጦር ተሸነፉ፤ በዓመቱ የአፄ ዮሐንስ ሠራዊት ዓባይን ተሻግሮ አገሩን አራቆተው፤ ከዚያ የከብቱ እልቂት፣ ከዚያም ክፉ ቀን ተብሎ እስከ ዛሬ የሚነሣው ረሃብ ተከታተለ። በዚያ ዘመን የጎጃም መንገድ የእግርና የኮቴ መንገድ ነበር። ባላባቱና ሊቀ ካህናቱ በበቅሎ ይሄዳሉ፤ ገበሬው፣ ተማሪው፣ ሴቱ በእግሩ። ተቀምጦ መሄድ ማዕረግ ነበረ። ይህን ነገር አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ ብስክሌት ኋላ ወደ ደጋው ሲመጣ የተቀመጠው በዚሁ በበቅሎዋ ስፍራ ነውና።

በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር ጣና ዳር ደረሰ፤ ብዙም ሳይቆይ ደብረ ማርቆስን ያዘ። ጣሊያን በሄደበት ሁሉ መንገድ ይጠርጋል፤ በጎጃም ግን የጠረገው መንገድ በአጀብ ለሚሄድ የጦር መኪና ብቻ ያገለግል ነበር፤ ገጠሩ በአርበኞቹ በነበላይ ዘለቀና በነመንገሻ ጀምበሬ እጅ ስለነበር ከምሽጉ ብቻውን የሚወጣ ጣሊያን አልነበረም። ስለዚህም ለብስክሌት የሚሆን ሰላም አልነበረም። በአስመራ ሁኔታው ሌላ ነበር። እዚያ ጣሊያኖች ለረጅም ጊዜ ተቀምጠው ከተማ ሠርተዋል፤ ብስክሌቱንም፣ ውድድሩንም፣ ጥገናውንም አምጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ1946 የመጀመሪያው የኤርትራ ዙር ውድድር ሲካሄድ የአስመራ ሰው ብስክሌትን የራሱ አድርጎታል። ከዚያ ወዲህ ያ ልማድ በቅኝ ገዢዎች መሄድ፣ በመንግሥት መለወጥ፣ በጦርነት ሳይበጠስ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ዘልቋል። በእኛ አካባቢ ይህን ያህል የጸና ሌላ ከተማ አላውቅም።

አፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ በጎጃም በኩል ነው የገቡት። በረሃውን ያቋረጡላቸው ግመሎች ደጋውን መቋቋም አቅቷቸው በብዙ ሺህ አለቁ። ጉዞው በቡሬና በደምበጫ አድርጎ፣ ዛሬ አማኑኤል የተቀመጠበትን አምባ አቋርጦ፣ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ደረሰ። ያኔ ጠላት ጥሎት የሄደው መንገድ የአገሩ ሆነ። ከሰሜን ምዕራብ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው ይህ መንገድ ዛሬም የአማኑኤልን ከተማ ለሁለት ይከፍላል፤ ሱቁም፣ ሻይ ቤቱም፣ መናኸሪያውም በዚሁ ግራና ቀኝ ነው።

ከነጻነት በኋላ ባሉት ዓመታት ብስክሌት በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና በአስመራ የሠራተኛ ዕቃ ሆነ። በ1949 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ ወደ ሜልቦርን የላከቻቸው 12 ስፖርተኞች ብቻ ነበሩ፤ ተሰልፈው የነበሩትም በሁለት ዓይነት ስፖርት ነው፤ አንዱ ሩጫ፣ ሁለተኛው ብስክሌት። ገረመው ደንቦባ ከነዚያ ብስክሌተኞች አንዱ ነበሩ፤ ሮምም ላይ በ1952 ዓ.ም. ተሰልፈዋል። ግን ሮም የአበበ ቢቂላ ሆነች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኢትዮጵያ ልጅ ጀግና መሆን ሲያምረው ጫማውን አውልቆ ሮጠ እንጂ ብስክሌት አልጠየቀም። አበበ የሠራውን ማንም አያሳንሰውም። ይሁን እንጂ ከሁለቱ ስፖርት አንዱ ብቻ በሕዝብ ልብ ውስጥ መቅረቱን ሳስብ ይቆጨኛል።

የዛሬው ዓይነት ብስክሌት በተወለደባት በብሪታኒያ በዚያው ዘመን ታላቅ ለውጥ ተጀምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1949 እንግሊዞች በአንድ ዓመት ወደ 24 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ በብስክሌት ተጉዘዋል፤ በመንገዱ ላይ ከሚንቀሳቀሰው ተሽከርካሪ ሁሉ ከሦስት አንድ እጅ በላይ የሚሆነው ብስክሌት ነበር። በኖቲንግሃም የሚገኘው የራሌ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ብስክሌት ያመርት ነበር፤ በፋብሪካዎች በር የሠራተኛ መውጫ ሰዓት ሲደርስ መንገዱ በብስክሌት ይሞላል። ይህ ልማድ ይጠፋል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። እ.ኤ.አ. 1973 ሲደርስ ያ 24 ቢሊዮን ወደ 4 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ ነበር። ሃያ አራት ዓመት የአንድ ትውልድ ዕድሜ ነው።

እንዴት ጠፋ? ብስክሌትን የጠላ ሰው አልነበረም። ሠራተኛው ደመወዙ ሲሻሻል መኪና ገዛ፤ መኪናው ሲበዛ መንገዱ ለመኪና ሰፋ፤ መንገዱ ሲሰፋና ፍጥነቱ ሲጨምር እናቶች ልጆቻቸውን ከመንገድ አገዱ፤ የታገደው ልጅ መንዳቱን ሳይለምድ አደገ፤ አድጎም ልጁን በመኪና ወደ ትምህርት ቤት አደረሰ። ቀስ እያለ የሚሄድ ነገር ነበር፤ በየዓመቱ ጥቂት ሰው ይወርዳል፣ የሚወጣው ግን ከወረደው ያንሳል። እንግሊዝ አገር ዛሬም ድረስ ይህን ለመመለስ እየታገለች ነው። ለንደን ለብስክሌት የተለየ መንገድ እየሠራች ነው፤ ልጆችም በትምህርት ቤት እንዲማሩ ይደረጋል። አባት ለልጁ በሰፈር ሜዳ በነጻ ያስተምረው የነበረውን መንግሥት በበጀት ሊያስተምረው ተገዷል።

በአማራ ክልል ብስክሌት እውነተኛ ቤቱን ያገኘው ጣና ዳር ነው። ባሕር ዳር በ1950ዎቹ ዓ.ም. ትንሽ ከተማ ሳለች የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953፣ የፖሊ ቴክኒክ ተቋሙ በ1955 ተከፈቱ። ጀርመናዊው የከተማ ፕላን ባለሙያ ማክስ ጉተር ያወጡት ፕላን ሰፋፊና ቀጥ ያሉ መንገዶችን ሰጣት፤ በመሐሉ ዘንባባ ቆመበት። ከተማዋ ሜዳ ላይ ናት፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ሞቃት ከተማ፤ ዳገት የሚባል ነገር የላትም ማለት ይቻላል። ፋብሪካው ከመኖሪያው ሰፈር ወጣ ብሎ ስለነበር ሠራተኛው በፈረቃ መግባትና መውጣት ነበረበት። ለዚህ እንደ ብስክሌት የሚመች አልነበረም። ፈረቃ ሲቀየር በመንገዱ ግራና ቀኝ በመደዳ የሚነዳው ወንድ ብቻ አልነበረም። ሴቶች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቦርሳቸውን መሪው ላይ አንጠልጥለው ይነዱ ነበር። በባሕር ዳር ሴት ብስክሌት ስትነዳ የሚደነቅ ሰው አልነበረም፤ ይህ ከፕላኑም ከሜዳውም በላይ ቁም ነገር ነው እላለሁ፤ እናት የነዳችውን ልጅ ይነዳዋል፣ አባት ብቻ የነዳው ግን የአባት ዕቃ ሆኖ ግድግዳ ላይ ይቀራል።

ከባሕር ዳር በስተ ደቡብ፣ ወደ ደጋው ስንወጣ፣ ነገሩ ተለወጠ። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አማኑኤልም ከእርሷ ብዙ ዝቅ አትልም፤ የሁለቱ ርቀት ሠላሳ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ከጮቄ ተራራ በኩል የሚመጣው ነፋስ ፊት ለፊት ሲገጥም ሜዳውም ዳገት ይሆናል። ክረምት ሲገባ ከሰኔ እስከ መስከረም የመንደሩ መንገድ ቀይ ጭቃ ነው፤ ጭቃው በጎማውና በጭቃ መከላከያው መካከል ይጋገርና ጎማው አልዞርም ይላል፤ ነጂው ወርዶ በእንጨት እየፋቀ፣ አንዳንዴም ብስክሌቱን ትከሻው ላይ አድርጎ ይሄዳል። በዚህ ላይ ብስክሌቱ ለደጋው ሰው ውድ ነበር። ስለዚህ በአውራጃና በወረዳ ከተሞች የያዘው መምህሩ፣ የጤና ጣቢያው ሠራተኛና የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ነበር። ሰዉ መንገድ ይለቅለታል፣ ልጆች ከኋላው ይሮጣሉ። ብስክሌቱ በእነርሱ እጅ ከእግረኛው ከፍ የሚያደርግ መቀመጫ ሆነ፤ ለሁሉም የሚሆን መሥሪያ አልሆነም። በመቀመጫ በቅሎ የጀመረው ነገር እንዲህ ቀጠለ። በማዕረግ የተያዘ ነገር ደግሞ የበለጠ ማዕረግ ሲመጣ ይለቀቃል። ሞተር ሳይክል ሲመጣ መምህሩ ብስክሌቱን ሸጠ።

ያም ሆኖ በደርግ ዘመንና ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ብስክሌት በልጆች በኩል አንድ ትልቅ ዕድል አግኝቶ ነበር። ይኸውም ኪራይ ነው። በብዙ የአገራችን ከተሞች አንድ ሰው አራት ወይም አምስት ያረጁ የቻይናና የሕንድ ብስክሌቶች ገዝቶ በደጁ ይደረድራል፤ ልጆች ከቁርስና ከበዓል ያተረፏትን ሳንቲም ይዘው ይመጣሉ፤ አከራዩ ሰዓቱን አይቶ ለሩብ ሰዓት ይሰጣል። ብስክሌቱ ለአዋቂ የተሠራ ነው፤ የስምንት ዓመት ልጅ ኮርቻው ላይ ቢወጣ እግሩ ፔዳሉ ላይ አይደርስም። ስለዚህ ቀኝ እግሩን ከላይኛው ብረት በታች ያሾልክና፣ ሰውነቱን ወደ ጎን አጣሞ፣ በአንድ በኩል ተንጠልጥሎ ይነዳል። ጓደኛው ከኋላ መጫኛውን ይዞ ይሮጣል፤ "አትልቀቀኝ!" እያለ የሚጮኸው ልጅ መለቀቁን የሚያውቀው ዞር ሲል ነው፤ ዞር ሲል ደግሞ ይወድቃል። ጉልበቱ ይላጣል፤ ሩብ ሰዓቱ ያልቃል፤ በማግስቱ ሌላ ሳንቲም ፍለጋ ይነሣል። በዚህ መንገድ የራሳቸው ብስክሌት ኖሯቸው የማያውቅ ስንትና ስንት ሺህ ኢትዮጵያውያን መንዳት ችለዋል። ትምህርት ቤት ያልከፈተውን፣ ወላጅ ያልገዛውን ዕውቀት ያ አከራይ አሠራጨ። የአንድን ልማድ ዕድሜ የሚያራዝመው እንዲህ ያለ ሰው ነው፤ በታሪክ መጽሐፍ ስሙ አይጻፍም።

ነገር ግን ኪራዩም የወንዶች ነበር። ሴት ልጅ በቀሚሷ እግሯን በብረቱ ስር አሾልካ ስትነዳ መታየቱ በደጋው እንደ ነውር ይቆጠር ነበር፤ እሷም ውኃ ቀድታ፣ ወንድሟን አዝላ እስክትጨርስ ፀሐይዋ ትጠልቃለች። ግማሹ ልጅ ያልተማረው ነገር ግማሽ ዕድሜ ነው የሚኖረው።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ባጃጅ ገባ። የሕንዱ የባጃጅ ኩባንያ ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ በባሕር ዳር ሜዳ ላይ እንደ ልቡ ተንሸራሸረ፤ ቀስ በቀስም ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያም እንደ አማኑኤል ወዳሉት የወረዳ ከተሞች ዘለቀ። ባጃጅን የሚያማ ሰው የጎጃምን ክረምት አያውቅም። ነፍሰ ጡሯን ጤና ጣቢያ ያደርሳል፤ ሽማግሌውን ከቤተ ክርስቲያን ይመልሳል፤ ኩንታል እህል ወፍጮ ቤት ያገባል። ብዙ ሥራ አጥ ወጣትም እንጀራ አገኘበት። ይሁን እንጂ ብስክሌቱን የገፋው ይኸው ነው። የሚያከራዩት ሰዎች ብስክሌቱን ሸጠው በገንዘቡ ሌላ ንግድ ጀመሩ፤ ትናንት በኪራይ የተማረው ልጅ ዛሬ የባጃጅ ሾፌር ሆነ። መንገዱ ላይ ቦታ ጠበበ። በባሕር ዳር እንኳን የብስክሌት መሥመር ተብሎ በተከለለው ዳር ባጃጁ ተሳፋሪ ሊያነሣ ይቆማል፤ ብስክሌተኛው ወደ መሐል ይገፋል። በብሪታኒያ መኪና በሃያ አራት ዓመት ያደረገውን ባጃጅ በእኛ ዘንድ በአሥር ዓመት አደረገው።

ብስክሌቱ ከመንገድ በሚገፋበት በዚያ ጊዜ፣ በሐምሌ 2008 ዓ.ም.፣ የመቐለው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ ላምፕሬ ሜሪዳ ለተባለው ቡድን ተሰልፎ በቱር ደ ፍራንስ ተወዳደረ፤ በዚያ ውድድር የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እርሱ ነው። ትልቅ ክብር ነበር። መቐለ እንደ አስመራ ውድድሩን የያዘች ከተማ ስለሆነች እንዲህ ያለ ልጅ አፈራች። ግን ውድድርና የዘወትር ጉዞ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሻምፒዮን ያላት አገር ሁሉ ወደ ወፍጮ ቤትና ወደ ትምህርት ቤት በብስክሌት የሚሄድ ሕዝብ አላት ማለት አይደለም። አራት ዓመት ቆይቶ ጥቅምት 2013 ላይ ጦርነት ፈነዳ፤ የሰሜኑ መንገዶች ተዘጉ። የአማራ ክልልም ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በግጭት ውስጥ ነው፤ ከከተማ ከተማ መሄድ ራሱ አሳሳቢ በሆነበት ጊዜ ስለ ብስክሌት ማውራት ለአንዳንዱ ቅንጦት ይመስለው ይሆናል። እኔ እንዲያውም አሁን ነው ወቅቱ ባይ ነኝ። የነዳጅ ድጎማ ከ2014 ሐምሌ ጀምሮ እየተነሣ ሄዶ በ2017 ዓ.ም. አንድ ሊትር ቤንዚን ከ100 ብር አለፈ። ባጃጁ ዋጋ ጨመረ። ደመወዝተኛው እንደገና በእግሩ መሄድ ጀመረ።

በዚሁ መካከል መንግሥት ራሱ ፊቱን ወደ ብስክሌት መለሰ። በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ "መንገድ ለሰው" የተባለው ቀን ተጀመረ፤ በተወሰኑ እሑዶች መኪና የሚታገድባቸው መንገዶች ለእግረኛና ለብስክሌት ተለቀቁ። ከ2016 ጀምሮ የኮሪደር ልማቱ በዋና ዋናዎቹ መንገዶች ዳር የብስክሌት መሥመር ዘረጋ፤ ሥራው ወደ ክልል ከተሞችም ሄዷል። በግንቦት 2016 ባሕር ዳር ላይ የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት አለው፤ ሲሠራ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ የተለየ ቦታ ተሰጥቶታል። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው። ሆላንዶች ዛሬ ዓለም የሚቀናበትን ልማዳቸውን ያዳኑት በእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ነው። ግን እነርሱን ያስነሣቸው ውበት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1971 ብቻ ከ400 በላይ ልጆች በመኪና አደጋ ሞቱባቸው፤ ወላጆች አደባባይ ወጥተው "የልጆች ግድያ ይቁም" አሉ፤ መንገዱም የተሠራው ልጅ ብቻውን ትምህርት ቤት ደርሶ እንዲመለስ ታስቦ ነው። የእኛ መሥመር ከትልቅ አደባባይ ተነሥቶ ትልቅ አደባባይ ላይ ያበቃል። ከሰፈር ተነሥቶ ትምህርት ቤት በር ላይ የሚያበቃው ገና አልተሠራም።

አማኑኤል ውስጥ ከዋናው መንገድ ዳር ጎማ የሚጠግኑ አንድ አዛውንት ጎሚስታ አሉ። ካላማዳሪያውን ከጎማው ስበው ያወጣሉ፤ በፖምፓ ይነፉታል፤ በተቆረጠ ጀሪካን በተሞላ ውኃ ውስጥ ጥቂት በጥቂት እየነከሩ ያዞሩታል። ቡልቅ ቡልቅ የሚለው ሲገኝ በአውራ ጣታቸው ይይዙትና ያደርቁታል፤ በብርጭቆ ወረቀት ይፍቁታል፤ ማስቲሽ ይቀቡና እስኪደርቅ ትንፋሻቸውን እፍ ይሉበታል፤ ከዚያ ካረጀ ካላማዳሪያ የተቆረጠ ክብ ቁራጭ ለጥፈው በመዶሻ ቀስ አድርገው ይመቱታል። ከጎናቸው የተደረደረው ሁሉ የባጃጅና የሞተር ጎማ ነው።

"ጋሼ፣ አሁንም ሳይክል ይመጣልዎታል?" አልኳቸው።

"ይመጣል እንጂ። ክረምቱ ሲወጣ፣ መንገዱ ሲጠና ይበዛል።"

"ለልጅዎ ሙያውን አስተማሩት?"

"ልጄማ የባጃጅ ሞተር ነው የሚፈታ። ሳይክል እንጀራ አይሆንም አለኝ፤ ምን ልበለው፣ እውነቱን እኮ ነው።"

እንዲህ ስንባባል የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ የኋላ ጎማው የተኛ ብስክሌት እየገፋች መጣች። የታላቅ ወንድሟ ነበር፤ እርሱ ወደ ባሕር ዳር ሲሄድ ለእሷ ትቶላት ነው። አዛውንቱ ፖምፓውን አቀበሏት፤ ራሷ ነፋችው፤ ጎማውንም በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ሞከረችው። ትምህርት ቤት በእርሱ ትሄድ እንደሆነ ጠየቅኋት።

"እሄዳለሁ። ግን በውስጥ ለውስጥ ነው፤ ዞሬ። አስፋልቱን እማዬ ከልክላኛለች።"

እናቷ ትክክል ናቸው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው ከባድ መኪና በዚህ ከተማ መሐል ፍጥነቱን ሳይቀንስ ነው የሚሄደው፤ የአስፋልቱ ዳርም ተበልቶ ወደ ቦይ ወርዷል። የኮሪደሩ ሥራ አማኑኤል ሲደርስ፣ መብራቱና የአበባው መደብ ከመሠራታቸው በፊት፣ ከዚህ ጎማ ጥገና ደጃፍ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ በጠርዝ ድንጋይ ከመኪናው የተለየ ሁለት ሜትር ስፋት ያለው መሥመር ይሠራ። እናቲቱ ክልከላቸውን የሚያነሡት ያኔ ነው።